መስታወት ሲከፈት ቤዙ የት ይሄዳል?

ጠያቂው_ሹፌር፦

ጤና ይስጥልኝ የመድረኩ ወዳጆች። መኪናዬ አነስተኛ ባለ አምስት በር ስትሆን፣ ከኋላ ወንበር ጀርባ ባለው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ባለ 12 ኢንች ሰብውፈር (ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ትልቅ ስፒከር) በዝግ ሳጥን አስገጥሜያለሁ። መስታወቶቹ ሁሉ ተዘግተው ስሰማው ቤዙ ደረት ድረስ የሚዘልቅ፣ ሙሉና የጠራ ነው። የፊቶቹን ሁለት መስታወቶች ዝቅ አድርጌ መንገድ ስወጣ ግን፣ የዘፋኙ ድምፅ እንደነበረ ሲቀር ከሥሩ ያለው ቤዝ እየሳሳ ሄዶ ጨርሶ የሌለ ያህል ይሆናል።

ያስገጠመልኝ ባለሙያ «አምፕሊፋየርህ አቅም ስለሌለው ነው፣ ከፍ ያለ ግዛ» ይለኛል። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ በተቃራኒው፣ በእሱ መኪና አንድ መስታወት ሲከፈት ቤዙ ይጨምራል ብሎ ይምላል። ሁለቱን አባባሎች ማስታረቅ አቃተኝ። ከዚህ ሌላ፣ የኋላውን አንዱን መስታወት ብቻ ከፍቼ በፍጥነት ስነዳ፣ ቴፑ ጠፍቶ እንኳ ጆሮን እየደጋገመ የሚገፋ ከባድ እርግብግቢት ይፈጠራል። ይህስ ከቤዙ መጥፋት ጋር ይገናኛል? ገንዘብ ከማውጣቴ በፊት ነገሩን ከመሠረቱ ልረዳው እፈልጋለሁ።

ሞገድ_ቆጣሪ፦

ወንድሜ፣ ጥያቄዎ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ ስለያዘ መጀመሪያ እንለያያቸው። አንደኛው የተዘጋ መኪና ለቤዝ የሚሰጠው እገዛ ነው፤ ሁለተኛው የተከፈተ መስታወት በዚያ እገዛ ላይ የሚያመጣው ለውጥ ነው፤ ሦስተኛው መኪናው ሲንቀሳቀስ በመስታወቱ የሚገባው ጫጫታ ነው። ብዙ ሰው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ስለሚያምታታ ነው ያለአስፈላጊነት አምፕሊፋየር የሚቀይረው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህ ስሌት የ100 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ የሚወዛወዝ ድምፅ፣ አንድ ሞገድ 3.4 ሜትር፣ የ40 ሄርዝ 8.6 ሜትር፣ የ20 ሄርዝ ደግሞ 17 ሜትር ያህል ይረዝማል። የመኪናዎ ውስጥ ከዳሽቦርዱ እስከ ኋላው መስታወት 2.5 ሜትር ነው ብንል፣ ግማሽ ሞገድ ከዚህ ርዝመት ጋር እኩል የሚሆነው 69 ሄርዝ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች ያለ ድምፅ በመኪናው ውስጥ እንደ ሞገድ የሚመላለስበት ስፋት የለውም። ሰብውፈሩ ወደ ፊት ሲገፋ በውስጥ ያለው አየር በሙሉ ባንድነት ይታመቃል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ባንድነት ይለቃል። ሾፌሩ ጋ፣ የኋላ ወንበር ላይም ሆነ እግር ሥር ግፊቱ ተቀራራቢ ይሆናል።

ከዚህ የሚገኘው ጥቅም ቀላል አይደለም። ያው ሰብውፈር ሜዳ ላይ ወጥቶ ቢሠራ ከሚሰጠው ጋር ሲነጻጸር፣ በመኪና ውስጥ ከዚያ ነጥብ በታች ድግግሞሹ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ ማለትም በየኦክታቩ፣ ግፊቱ በንድፈ ሐሳብ እስከ 12 ዴሲቤል ይጨምራል። ዝግ ሳጥን ደግሞ ከራሱ የሬዞናንስ ነጥብ፣ ማለትም በተፈጥሮው ከሚወዛወዝበት ድግግሞሽ፣ በታች በየኦክታቩ 12 ዴሲቤል የሚቀንስ ስለሆነ፣ የአንዱ መውረድ በሌላው መውጣት ይካካሳል። ትንሽ ዝግ ሳጥን ቤት ውስጥ ደካማ የሚመስለውና መኪና ውስጥ ሲገባ እስከ 20 ሄርዝ የሚወርደው ከዚህ የተነሣ ነው።

በተግባር ግን 12 ዴሲቤሉ ሙሉ በሙሉ አይገኝም። የጣሪያው ላሜራ ይርገበገባል፣ በሮቹ ይተነፍሳሉ፣ የበሩ ላስቲክ ያፈሳል። ከዚህም ሌላ አብዛኛው መኪና ከኋላ በኩል፣ ብዙ ጊዜ ከፓራውልቱ ጀርባ ተሸሽጎ፣ በር ሲዘጋ የታመቀው አየር የሚወጣበት በስስ የላስቲክ ክዳን የተሸፈነ ቀዳዳ አለው። ስለዚህ መስታወት ከመክፈትዎም በፊት መኪናው ፍጹም ዝግ አልነበረም ማለት ነው።

ሣጥን_ሠሪ፦

የሞገድ_ቆጣሪን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤያለሁ፤ ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «መስታወት ከተከፈተ ግፊቱ ይወጣል፣ ቤዙም ይጠፋል» የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርስ ሰው እንዳይኖር እሰጋለሁ፤ በሥራዬ የማየው ይህን አይመስልምና። ከባድ ሰብውፈር የተገጠመለት መኪና ላይ 30 ሄርዝ አካባቢ ያለ ድምፅ ከፍተው፣ ረጅም ፀጉር ያላት ሰው ከተከፈተው መስታወት አጠገብ ብትቀመጥ፣ ፀጉሯ ከትከሻዋ ተነሥቶ ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ይወረወራል። መስታወቱ ሲዘጋ ያው ፀጉር ብዙም አይንቀሳቀስም። መለኪያ ይዘው ለሚጠራጠሩም፣ አንድ መስታወት ሲወርድ በአንዳንድ ድግግሞሾች ላይ ቁጥሩ ከፍ ሲል ደጋግሜ ተመልክቻለሁ። የጠያቂው ጓደኛ የማለው በከንቱ አይደለም ባይ ነኝ።

ሞገድ_ቆጣሪ፦

ሣጥን_ሠሪ ያሉት ትክክል ነው፣ የነገሩም ቁልፍ እዚያው ላይ ነው።

በመስታወቱ ክፍተት ላይ ያለው አየር ክብደት አለው። ከውስጥ ያለው የታመቀ አየር ያንን የአየር ክብደት ወደ ውጭ ሲገፋው ወዲያው አይወጣለትም፤ ለመነሣት ጊዜ ይፈልጋል፣ ከተነሣም በኋላ ለመቆም ጊዜ ይፈልጋል። ውስጡ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ፣ ክፍተቱ ላይ ያለው ደግሞ እንደ ክብደት ሆነው አብረው የሚወዛወዙበት የራሳቸው ድግግሞሽ ይኖራቸዋል። ባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ ሲነፉበት የሚሰማው ድምፅ የሚወጣው በዚሁ ሕግ ነው፤ ሕጉም በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሳይንቲስት በሄልምሆልዝ ስም ይጠራል። መኪናው ጠርሙሱ ነው፣ መስታወቱ አፉ ነው።

ቁጥር ካላስገባንበት ግን ክርክሩ ስለማያልቅ፣ የውስጡ ይዘት 3 ሜትር ኩብ፣ የእያንዳንዱ መስታወት ክፍተት ሲወርድ ሩብ ሜትር ካሬ ነው ብለን እናስላ። አንድ መስታወት ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ሬዞናንሱ 22 ሄርዝ አካባቢ ይመጣል። ሁለት ሲወርዱ ወደ 31፣ አራቱም ሲወርዱ ወደ 44 ሄርዝ ከፍ ይላል። አንዱ መስታወት ጥቂት ጣት ያህል ብቻ ቢከፈት ደግሞ ከ10 እስከ 15 ሄርዝ ባለው መካከል ይወድቃል። እነዚህ ቁጥሮች ከመኪና መኪና ቢለያዩም አካሄዳቸው አይለወጥም፤ ክፍተቱ በጨመረ ቁጥር ሬዞናንሱ ወደ ላይ ይወጣል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። ከሬዞናንሱ በታች የሆነ ድምፅ ክፍተቱ ላይ ያለውን አየር በቀላሉ ስለሚያንቀሳቅሰው ግፊቱ ይወጣል፤ እዚያ ቤዙ በእርግጥ ይጠፋል። በሬዞናንሱ ላይና ከእሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ያለው ድምፅ ግን ይጨምራል፤ ጓደኛዎ የማለው፣ ፀጉሩም የሚወረወረው እዚህ ጋ ነው። ከሬዞናንሱ በብዙ ከፍ ያለው ድምፅ፣ ክፍተቱ ላይ ያለው አየር ሊከተለው ስለማይችል፣ መስታወቱ የተዘጋ ያህል ይሆንለታል። ኪሳራና ትርፍ የሚለያዩበትን ድንበር ለማግኘት የሬዞናንሱን ቁጥር በ0.7 ያባዙት፤ ከዚያ በታች ያለው ይቀንሳል፣ ከዚያ በላይ ያለው አይቀንስም። በአንድ መስታወት ድንበሩ 15 ሄርዝ ገደማ ስለሚሆን በሙዚቃ ውስጥ የሚጎድል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በሁለት መስታወት 22 ነው። በአራቱም ግን 31 ሄርዝ ስለሚደርስ፣ 20 ሄርዝ ላይ ከተዘጋው ጋር ሲነጻጸር እስከ 12 ዴሲቤል ሊጎድል ይችላል፤ ያ ደግሞ ማንም ሰው የሚያስተውለው ኪሳራ ነው።

ስሌቱ የላሜራውን መርገብገብና የአየሩን ሰበቃ አይቆጥርም፤ በእውነተኛ መኪና ጭማሪውም ቅነሳውም ከዚህ ለዘብ ይላል።

ጠያቂው_ሹፌር፦

ከልብ አመሰግናለሁ፤ አሁን ሁለቱ አባባሎች አብረው ሊቆሙ እንደሚችሉ ገባኝ። ነገር ግን ከዚሁ ሌላ ጥያቄ ተወለደ። የምሰማው ሙዚቃ አብዛኛው ባለ አራት ክር ቤዝ ጊታር ያለበት ነው፤ የዚያ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ ክፍት ክሩ ላይ 41 ሄርዝ መሆኑን አውቃለሁ። የምከፍተው ሁለት መስታወት ብቻ ከሆነና ድንበሩ 22 ሄርዝ ከሆነ፣ በእርስዎ ስሌት የቤዝ ጊታሩ ድምፅ እንዲያውም መጨመር ነበረበት። በመንገድ ላይ ግን የማይሰማኝ ያው ጊታር ነው። እንዴት ይታረቃል?

ዝግታ_ነጂ፦

የሚታረቀው በሦስተኛው ነገር ነው፤ በጫጫታው።

በተከፈተ መስታወት የሚገባው የነፋስና የጎማ ጫጫታ ኃይሉ ከሁሉ በላይ የሚከማቸው በዝቅተኛ ድግግሞሾች ላይ ነው፤ ወደ ላይ እየወጣ ሲሄድ ይቀንሳል። ስለዚህ የዘፋኙ ድምፅ ከጫጫታው በላይ አንገቱን አውጥቶ ሲሰማ፣ ቤዝ ጊታሩ ግን ጫጫታው በጣም ከሚበረታበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ጆሮ ደግሞ በተቀራራቢ ድግግሞሽ ሁለት ድምፆች ሲደርሱት ደካማውን አይሰማም። ቤዙ በመኪናው ውስጥ አለ፣ መለኪያ ቢያስገቡ ያገኘዋል፤ ነገር ግን ተሸፍኗል። የፍጥነት ነገርም አለ። የነፋስ ጫጫታ ከፍጥነት ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጫጫታው ከ15 ዴሲቤል በላይ ሊጨምር ይችላል። በቀስታ ሲነዱ ደስ የሚል የነበረው ቤዝ በአውራ ጎዳና ላይ የሌለ የሚመስለውም ለዚህ ነው።

የጆሯችን አፈጣጠር ጉዳዩን ያባብሰዋል። በ1000 ሄርዝ 40 ዴሲቤል ሆኖ ለሚሰማን ድምፅ እኩል ጎልቶ እንዲሰማን 100 ሄርዝ ላይ ከ60 ዴሲቤል በላይ ያስፈልጋል፤ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ደግሞ ይበልጥ ይፈልጋል። ከዚያም የከፋው፣ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ላይ ከመሰማትና ካለመሰማት መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው፤ በመካከለኛ ድምፅ ላይ ምንም የማይመስል የጥቂት ዴሲቤል ቅነሳ እዚያ ታች ሲሆን የድምፁን ግማሽ የወሰደ ያህል ይሰማል።

ይህን ለማመን የእኔን ቃል መውሰድ የለብዎትም። መኪናውን ጸጥ ያለ ቦታ ያቁሙ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ መስታወቶቹን ልክ እንደሚነዱበት ጊዜ ይክፈቱና ያንኑ ሙዚቃ በያው ድምፅ ያድምጡ። ቤዙ ከተመለሰ ጥፋተኛው ነፋሱ ነው። ካልተመለሰ ወደ ሞገድ_ቆጣሪ ስሌት እንመለሳለን።

ሞገድ_ቆጣሪ፦

በስልክ መተግበሪያ ለመለካት ካሰቡ አንድ ወጥመድ አለ። አብዛኞቹ መተግበሪያዎች ሲከፈቱ የሚያሳዩት «ኤ» በሚባለው ሚዛን የተመዘነውን ዴሲቤል ነው። ይህ ሚዛን 100 ሄርዝ ላይ 19 ዴሲቤል፣ 50 ሄርዝ ላይ 30 ዴሲቤል፣ 31.5 ሄርዝ ላይ ደግሞ 39 ዴሲቤል ይቀንሳል። በሌላ አነጋገር፣ የሚፈልጉትን ድምፅ ቆርጦ ጥሎ ስለቀረው ነው የሚነግርዎት። ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ወደ «ሲ» ወይም ወደ «ዜድ» ይቀይሩት። የስልኩ ማይክሮፎን ራሱም ታችኛውን ድምፅ በደንብ ስለማይቀበል፣ የሚያዩትን ቁጥር ለንጽጽር ብቻ ይጠቀሙበት፤ «መኪናዬ ይህን ያህል ዴሲቤል ይሰጣል» ለማለት አያገለግልም። በመንገድ ላይ እየነዱ ለመለካት ደግሞ አይሞክሩ፤ ነፋሱ ማይክሮፎኑን በቀጥታ ስለሚመታው ቁጥሩ ትርጉም የለውም፣ ዓይንም ከመንገድ ይነሣል።

የበር_ስፒከር፦

እስካሁን የተወራው ሁሉ ስለ ሰብውፈር ስለሆነ፣ የተረሳ አንድ ነገር ልጨምር። መስታወቱ ዝቅ ሲል የትም አይጠፋም፤ በሩ ውስጥ ነው የሚገባው፣ በሩ ውስጥ ደግሞ የበር ስፒከርዎ አለ። ከ60 እስከ 200 ሄርዝ ያለው የከበሮ ምት በአብዛኛው የሚወጣው ከዚያ ስፒከር ስለሆነ፣ «ቤዝ» ብለው ከሚጠሩት ውስጥ ትልቁ ድርሻ የእሱ ነው።

መስታወቱ ሲወርድ ከስፒከሩ ማግኔት ጀርባ በጥቂት ሚሊሜትር ርቀት ያልፋል። ጥልቀቱ የበዛ ስፒከር ያስገጠመ ሰው መስታወቱን ሙሉ በሙሉ ሲያወርድ «ቀጭ» ብሎ የሚይዘው ከሆነ፣ ማግኔቱ እየነካው ነው ማለት ነው፤ በጊዜ ካልተስተካከለ መስታወቱን ይፍቀዋል፣ ማንሻውንም ያደክማል። ባይነካው እንኳ፣ ግማሽ የወረደ መስታወት የሚያዘው ከታች በማንሻው ከጎን ደግሞ በሐዲዱ ላስቲክ ብቻ ስለሆነ፣ በከበሮው ምት ልክ ይንጣጣል። ጣትዎን በመስታወቱ የላይኛው ጠርዝ ላይ ጫን ቢያደርጉ ንጥጥቱ ወዲያው ይቆማል፤ ከየት እንደሚመጣ የሚታወቀውም በዚህ ነው። ሙሉ በሙሉ የወጣ ወይም ሙሉ በሙሉ የወረደ መስታወት ብዙ ጊዜ ጸጥ ይላል።

የበሩ ውስጠኛ ላሜራ ላይ ያሉት ትልልቅ ቀዳዳዎች ካልተደፈኑ ደግሞ የስፒከሩ የጀርባ ሞገድ በቀዳዳዎቹ አልፎ ከፊቱ ሞገድ ጋር ይጣፋል። በቡቲል ንጣፍ (ላሜራ ላይ በሚለጠፍ ጎማ መሰል ንጣፍ) መድፈን ለበር ቤዝ ከሚደረጉ ነገሮች ሁሉ በወጪው አነስተኛ፣ በውጤቱ ትልቅ ነው። በበሩ ግርጌ ያሉትን የውሃ መውረጃ ቀዳዳዎች ግን አይንኩ፤ ከተደፈኑ ዝናብ በሩ ውስጥ ይቋጠራል፣ በሩም ከውስጥ ይዝጋል።

ጠያቂው_ሹፌር፦

የተባለውን ሞከርኩ። መኪናዋን አቁሜ፣ ሞተሩን አጥፍቼ፣ ከ20 እስከ 80 ሄርዝ ያሉ ነጠላ ድምፆችን በተራ አሰማኋት። በሁለት የፊት መስታወት 50 እና 60 ሄርዝ ላይ ከተዘጋው የተለየ የሚባል ነገር አልሰማሁም። 30 ሄርዝ ላይ ሁለቱን መስታወቶች ሳወርድ ድምፁ ጎላ፤ እጄን በመስታወቱ ክፍተት ላይ ስዘረጋ አየሩ መዳፌን ወዲያና ወዲህ ሲዳስሰው በግልጽ ይታወቀኝ ነበር። አራቱንም ሳወርድ 25 ሄርዝ ላይ የነበረው ክብደት ወዲያው ሟሸሸ፤ 20 ሄርዝ ላይ ሰብውፈሩ ሲንቀሳቀስ በዓይኔ አያለሁ እንጂ የሚሰማ ነገር የለም። ከዚያ የቤዝ ጊታሩን ሙዚቃ ሳሰማ በሁለት መስታወት ምንም አልጎደለበትም። የጎደለው መንገድ ስወጣ ነው። እንግዲህ ነፋሱ ነው ማለት ነው።

የቀረኝ፣ ለመስታወት ክፍት ጊዜ የሚሆን ቅንብር አለ ወይ የሚለው ነው። ባለሙያው ያለኝን ትልቅ አምፕሊፋየር አሁንም ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም።

ሣጥን_ሠሪ፦

ይተዉት። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይዎት። 3 ዴሲቤል ለመጨመር የአምፕሊፋየሩ ኃይል እጥፍ መሆን አለበት፤ 6 ዴሲቤል አራት እጥፍ፣ 12 ዴሲቤል ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይፈልጋል። አራቱም መስታወት ሲከፈት 20 ሄርዝ ላይ የጠፋውን 12 ዴሲቤል በጉልበት ለመመለስ ቢፈልጉ፣ 300 ዋት የነበረው 4800 ዋት ሊሆን ነው። ኃይሉ ቢገኝ እንኳ የስፒከሩ ኮን የሚጓዘው ርቀት አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ የሚችለው ሰብውፈር አይገኝም፣ መጀመሪያ የሚቃጠለውም የስፒከሩ የሽቦ መጠምጠሚያ ነው።

ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር፣ ሰብውፈሩ መስታወት መከፈቱን የማያውቅ መሆኑ ነው። የሚገፋው አየር በሳጥኑ ውስጥ ያለው ጥቂት አሥር ሊትር ስለሆነ፣ የመኪናው 3000 ሊትር ተከፈተ ተዘጋ ለኮኑ እንቅስቃሴ የሚያመጣው ልዩነት ኢምንት ነው። ስለዚህ መስታወት መክፈት ሰብውፈርን አይጎዳም። የሚጎዳው ባለቤቱ ነው፤ ቤዙ አልሰማው ሲል የቤዙን ቁልፍ እያዞረ እስከ ጥጉ ይወስደዋል። በተለይ ቀዳዳ ያለው ሳጥን ከሆነ፣ ከተስተካከለበት ድግግሞሽ በታች ኮኑን የሚይዝለት የአየር ግፊት ስለሌለ እንዳሻው ይወረወራል። እንደዚያ ዓይነት ሳጥን ያለው ሰው በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የታችኛ ድምፅ ማጣሪያ ሳጥኑ ከተስተካከለበት ቁጥር ትንሽ ዝቅ አድርጎ ሊያበራው ይገባል፤ መስታወት ከፈተም ዘጋም።

ለእርስዎ ዝግ ሳጥን ግን ቅንብሩ ቀላል ነው። ቴፕዎ ሁለት የኢኳላይዘር ቅንብር የሚያስቀምጥ ከሆነ፣ አንዱን ለዝግ መስታወት እንዳለ ይተዉት። በሁለተኛው ላይ ከ30 ሄርዝ በታች ያለውን በመጠኑ ይቀንሱ፤ በጫጫታው ውስጥ ስለማይሰማ ኃይል ብቻ ነው የሚበላው። ከ60 እስከ 90 ሄርዝ ያለውን ደግሞ በ3 ዴሲቤል ገደማ ከፍ ያድርጉት። ነፋሱ እዚያ ላይ ከታችኛው ይልቅ ደከም ስለሚል ቤዙ ራሱን የሚያሳየው በዚያ በኩል ነው። የቤዝ ጊታሩ ዝቅተኛ ኖታዎች ሁለተኛ ድምፆቻቸው፣ ማለትም የኖታው ድግግሞሽ እጥፍ የሆኑት፣ እዚያ ስለሚያርፉ፣ ዝቅተኛው ኖታ በራሱ ባይሰማ እንኳ ጆሮ ያሟላዋል።

ጎረቤት_ነኝ፦

ጥያቄ ከውጭ ላለነው፦ መስታወቱ የተዘጋ መኪና በአጠገባችን ሲያልፍ የሚሰማን «ዱም ዱም» ብቻ የሆነው ለምንድን ነው? ቤዙ ውስጥ ከታመቀ እንዴት ወጣ?

ሞገድ_ቆጣሪ፦

መስታወትና ላሜራ ድምፅን የሚከለክሉት በክብደታቸው ነው፤ ድግግሞሹ እጥፍ በሆነ ቁጥር የመከልከል አቅማቸው በንድፈ ሐሳብ 6 ዴሲቤል ይጨምራል። ቃላቱና ጸናጽሉ ውስጥ ሲቀሩ፣ ቤዙ ላሜራውን ራሱን እያርገበገበ ይወጣል። መስታወቱ ሲከፈት ለእርስዎ የሚጨመረው በአብዛኛው የላይኛው ድምፅ ነው።

ጆሮ_ጠባቂ፦

ነፋሱን ለመብለጥ ድምፅ መጨመር የሚለው ሐሳብ ያሳስበኛል፤ ጆሮ ጫጫታውንም ሙዚቃውንም ባንድ ላይ ነው የሚቆጥረው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች የሚያስቀምጠው ወሰን በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው፤ በ90 ዴሲቤል ሲሆን ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። መስታወት ከፍተው ረጅም መንገድ የሚነዱ ሰዎች ቴፑን ሳይከፍቱም የዚያን ድርሻ ጥቂት አይሉት ይጠቀማሉ። ሲቆሙ መስታወቱን ዘግተው ቴፑን ያንኑ ቁጥር ላይ እንዳለ ያድምጡት፤ ምን ያህል ከፍ አድርገውት እንደነበረ ያኔ ይታወቃል።

ዝግታ_ነጂ፦

ጠያቂው በመጀመሪያ ካነሱት ውስጥ ሳይመለስ የቀረው የኋላ መስታወቱ እርግብግቢት ነው። ያም የዚያው ሬዞናንስ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ የሚያስነሣው ሰብውፈር ሳይሆን ነፋሱ መሆኑ ብቻ ነው። በመስታወቱ ፊተኛ ጠርዝ ላይ ነፋሱ እየተጠማዘዘ ትንንሽ አውሎዎች ይፈጥራል፤ እነሱም በተከታታይ ወደ ኋለኛው ጠርዝ ይደርሳሉ። የሚደርሱበት ድግግሞሽ ከመኪናው ሬዞናንስ ጋር ሲገጥም፣ ከ15 እስከ 20 ሄርዝ አካባቢ ከ100 ዴሲቤል በላይ የሚሆን ግፊት ይነሣል። በአንድ የተወሰነ ፍጥነት ላይ የሚብሰውና ከዚያ ሲያልፉ ወይም ሲቀንሱ የሚለቀውም ለዚህ ነው። የኋላ መስታወት ላይ የሚበረታው፣ የፊቱ በጎን መመልከቻው መስታወትና በምሰሶው ቅርጽ የተነሣ ነፋሱ ስለሚሰበርለት ነው።

መፍትሔው ተጨማሪ መክፈት ነው። በተቃራኒው ጎን ያለውን የፊት መስታወት ጥቂት ዝቅ ቢያደርጉ፣ ሬዞናንሱ ወደ ላይ ስለሚሸሽና አየሩም መውጫ ስለሚያገኝ እርግብግቢቱ ይበተናል።

ጠያቂው_ሹፌር፦

ተቃራኒውን መስታወት በሁለት ጣት ያህል አውርጄ ሞከርኩት፤ እርግብግቢቱ ወዲያው ለቀቀ። አምፕሊፋየሩን አልገዛም። በሩን ለመድፈን ግን የቡቲል ንጣፍ እፈልጋለሁ፤ የበር_ስፒከርን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ በሩ ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ሽፋን መነሣት አለበት ወይስ በላዩ ላይ ይለጠፋል?

የበር_ስፒከር፦

መነሣት አለበት፤ ፕላስቲክ ላይ የተለጠፈ ቡቲል አብሮት ይርገበገባል። ሙጫውን አጽድተው በላሜራው ላይ በቀጥታ ይለጥፉት፣ ቀዳዳዎቹንም ሙሉ በሙሉ ይሸፍኑ፤ ያ ፕላስቲክ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳይገባ የሚከለክል ስለሆነ ሥራውን አሁን ንጣፉ ነው የሚረከበው። የበሩን ሽፋን መልሰው ከመግጠምዎ በፊት መስታወቱን ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሁለት ጊዜ ያንቀሳቅሱት፤ ንጣፉ ወደ ውስጥ ጎብጦ መስታወቱን የሚነካ ከሆነ ማስተካከል የሚቻለው ያኔ ነው።